ቁጥርን በዓይንና በእጅ ማስተማር፤ ትምህርት የሚከብዳቸው ልጆች ትምህርት ታሪክና የአዳማ አካባቢ የልጆች ጨዋታ

መግቢያ

አንድ ልጅ ከአንድ እስከ ሃያ ያሉትን ቁጥሮች ሳይሳሳት በቃሉ ይጠራል፤ ዳሩ ግን «ሰባት ጠጠር አምጣ» ቢሉት እጁ የዘገነውን ያህል አፍሶ ያቀርባል። እንዲህ ያለው ልጅ በየትምህርት ቤቱ አለ። አንዳንዱ አስተማሪ «ሰነፍ» ይለዋል፤ ወላጆቹም «ለትምህርት አልተፈጠረም» ብለው ወደ ከብት ጥበቃ ወይም ወደ ገበያ ይመልሱታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንዲህ ላሉት ልጆች ቁጥርን በዓይንና በእጅ የማስተማር ዘዴ ከየት ተነሥቶ እንዴት እንዳደገ በአጭሩ መተረክ፥ ቀጥሎም የዚሁ ዘዴ መሠረት በአዳማና በአካባቢዋ በሚገኙት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች የልጆች ጨዋታና የገበያ ልማድ ውስጥ የሚገኝ መሆኑን ማሳየት ነው።

ልናስረዳው የምንፈልገው አሳብ አንድ ነው። ይኸውም በቁጥር ትምህርት ነገሩ መቅደም፥ ስሙ መከተል፥ ምልክቱ ደግሞ በመጨረሻ መምጣት አለበት የሚል ነው። ይህ ተራ በተገለበጠ ጊዜ ፈጣኑ ልጅ እንኳ ይደናገራል፤ ትምህርት የሚከብደው ልጅ ግን ከናካቴው መንገዱ ይጠፋበታል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዘዴው የተገኘበት ታሪክ

የዘዴው ታሪክ ከፈረንሳይ አገር ይጀምራል። በደቡብ ፈረንሳይ በአቬሮን አካባቢ በዱር ብቻውን ሲኖር የተገኘ አንድ ልጅ በ1800 ወደ ፓሪስ ተወሰደ። በዘመኑ እጅግ የታወቀው የአእምሮ ሐኪም ፊሊፕ ፒኔል ልጁን መርምሮ ሊድን የማይችል ነው ብሎ ፈረደ። ዣን ኢታር የተባለው ወጣት ሐኪም ግን በዚህ ፍርድ አልተስማማም። ልጁን ቪክቶር ብሎ ሰየመውና አስቀድሞ የስሜት ሕዋሳቱን ለማንቃት ተነሣ፤ ቀለማትንና ቅርጾችን እያነጻጸረ ተመሳሳዩን ከተመሳሳዩ ጋር እንዲያኖር አስተማረው። ኢታር ሥራውን በሁለት ዘገባዎች ሲገልጽ የመጀመሪያው በ1801 ታተመ። ቪክቶር እንደሚፈለገው መናገር ባይችልም፥ «አይማርም» የተባለ ልጅ በዓይኑና በእጁ በኩል ሊማር እንደሚችል በዚህ ሥራ ታወቀ።

የኢታር ደቀ መዝሙር ኤድዋር ሴጌን ይህን ጅምር ወደ ሥርዓት አደረሰው። በ1846 ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ ትምህርት ከጡንቻና ከስሜት ሕዋሳት ተነሥቶ ወደ አሳብ መሄድ እንዳለበት አስረዳ። በኋላም ወደ አሜሪካ ተሻግሮ እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 1880 ድረስ ትምህርቱን አስፋፋ።

ከሴጌን ቀጥላ የተነሣችው ጣሊያናዊቷ ሐኪም ማሪያ ሞንቴሶሪ ናት። ሞንቴሶሪ በ1900 በሮማ ለአእምሮ ደካሞች በተከፈተው ትምህርት ቤት ስትሠራ፥ የኢታርንና የሴጌንን መጻሕፍት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእጅዋ ገልብጣ አጠናች። ከተማሪዎችዋ አንዳንዶቹ በመንግሥት ትምህርት ቤት ፈተና ከጤነኞች ልጆች ጋር ተቀምጠው ባለፉ ጊዜ ሰው ሁሉ አደነቀ። እርስዋ ግን ከማድነቅ ይልቅ አንድ ጥያቄ አቀረበች፤ ደካሞቹ እዚህ ከደረሱ ጤነኞቹን በዚህ ዝቅተኛ ደረጃ ያስቀራቸው ምንድን ነው? ስትል ጠየቀች። በ1907 በሮማ በሳን ሎሬንዞ ሠፈር የድኾች ልጆችን ሰብስባ ያንኑ ዘዴ ሠራችበት።

ሞንቴሶሪ ለቁጥር ካዘጋጀቻቸው መሣሪያዎች ሁለቱን ብቻ እንጥቀስ። አንደኛው የመጨረሻው አጭር 10 ሳንቲ ሜትር፥ የመጨረሻው ረጅም 1 ሜትር የሆኑ 10 በትሮች ናቸው። ልጁ በትሮቹን በተራ ሲደረድር አምስት ከአራት የሚበልጠው በአንድ መሆኑን በክንዱ ያውቀዋል። ሁለተኛው ከ0 እስከ 9 የተጻፈባቸው ክፍሎች ያሉት ሣጥን ነው። ልጁ በየክፍሉ የተጻፈውን ያህል እንጨት ይጨምራል፤ በሣጥኑ የሚሞሉት እንጨቶች በጠቅላላው 45 ናቸው። ስለዚህ ሲጨርስ እንጨት ቢያንሰው ወይም ቢተርፈው አስተማሪ ሳይነግረው ስሕተቱን ራሱ ያገኘዋል። የ0 ክፍል ደግሞ ባዶውን ስለሚቀር «ምንም» ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ በዓይኑ ያያል።

ዓይን ስንት ያያል?

ዓይን ሳይቆጥር ስንት ነገር ሊያውቅ እንደሚችል የመረመረው የእንግሊዝ ሊቅ ስታንሊ ጄቮንስ ነበር። መሣሪያው እጅግ ቀላል ነው፤ ባቄላ ወደ ሣጥን እየወረወረ በአንድ አፍታ የሚያየውን ብዛት ይገምታል፥ ከዚያም ቆጥሮ ያረጋግጣል። ይህን ከሺህ ጊዜ በላይ ደጋግሞ ውጤቱን በ1871 አሳተመ። ባቄላው ሦስት ወይም አራት ሲሆን አንድ ጊዜም አልተሳሳተም፤ አምስት ሲሆን መሳሳት ጀመረ፤ ከዚያ በላይ ስሕተቱ እየበዛ ሄደ። እንግዲህ እስከ አራት ድረስ ዓይን ብቻውን ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ግን መቁጠር ወይም በቡድን በቡድን መክፈል ያስፈልጋል ማለት ነው።

መቁጠር ራሱ ምን ምን እንደሚጠይቅ ደግሞ በ1978 ሮሼል ጌልማንና ራንዲ ጋሊስተል ዘርዝረው አሳይተዋል። አንደኛ፥ ለእያንዳንዱ ነገር አንድ ስም ብቻ መስጠት፤ ሁለተኛ፥ የስሞቹን ተራ አለማፋለስ፤ ሦስተኛ፥ በመጨረሻ የተጠራው ስም የጠቅላላው ብዛት መሆኑን መረዳት፤ አራተኛ፥ ማናቸውም ነገር ሊቆጠር እንደሚችል ማወቅ፤ አምስተኛ፥ ከየትኛውም ቢጀምሩ ድምሩ አንድ መሆኑን ማወቅ ናቸው። በመግቢያችን የጠቀስነው ልጅ ሁለተኛውን ይዞ አንደኛውና ሦስተኛው የቀሩት ነው። በቃሉ ቢያነበንብ የሚያውቅ ይመስላል እንጂ ቁጥር ገና አልያዘም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ የተሳሳተ መንገድ መኖሩን ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባም። በ1960ዎቹ በአሜሪካ ማሪያን ፍሮስቲግ ባወጣችው ፈተና መነሻነት ትምህርት የሚከብዳቸውን ልጆች መሥመር እንዲያሰምሩና የተሸሸገ ሥዕል እንዲፈልጉ በማድረግ ዓይናቸውን ማሠልጠን ተዘውትሮ ነበር። በኋላ የተደረጉት ምርመራዎች ግን ይህ ልምምድ ብቻውን ንባብንም ሆነ ሒሳብን እንደማያሻሽል አሳዩ። ስለዚህ ብዛትን ያላየ ዓይን ሌላ ነገር በማየት ብቻ ቁጥርን አይማርም። ልጁ ቁጥር እንዲያውቅ ከተፈለገ ዓይኑ የሚለማመደው በሚቆጠር ነገር ላይ ይሁን።

ፊደል ቆጠራና የልጆች ጨዋታ

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ በባሕር ማዶ የተደረገ ነው። በአገራችንስ ልጅ ቁጥርን በምን ይማር ነበር? በአማርኛ የተማረውን ሰው «ፊደል የቆጠረ» እንለዋለን። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ተማሪው በየኔታ ፊት ተቀምጦ እያንዳንዱን ፊደል በስንደዶ እየነካ ስሙን ይጠራል፤ አንድ ንክኪ፥ አንድ ድምፅ። ይህ ጌልማንና ጋሊስተል አንደኛ ብለው ያስቀመጡት ሕግ ነው። ተማሪው ፊደሉን እንደ ውሃ በቃሉ ሲያወርደው ስንደዶው ወደ ኋላ የቀረ እንደ ሆነ፥ መምህሩ እንደገና ከ«ሀ» ያስጀምረዋል።

ወደ አዳማ እንመለስ። አዳማ እስከ አዲስ አበባ በ1917 በተጠናቀቀው የምድር ባቡር መሥመር ላይ ያደገች ከተማ ናት። በ1946 ናዝሬት ተባለች፤ በ2000 ደግሞ የቀድሞ ስምዋ በይፋ ተመለሰላት። በአጠገብዋ በወንጂ የሆላንድ ኩባንያ በ1954 የስኳር ፋብሪካ ሲከፍት ከየአገሩ ሠራተኛ መጣ። ስለዚህ በአዳማ፥ በሞጆ፥ በመቂ፥ በዝዋይና በሻሸመኔ ኦሮሞው፥ አማራው፥ ጉራጌውና ሌላውም ልጁን በአንድ መንደር ያሳድጋል፤ ልጆቹም ጨዋታቸውን ይለዋወጣሉ።

ከጨዋታዎቹ ዋነኛው ገበጣ ነው። ሪቻርድ ፓንክኸርስት በ1971 በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ባሳተሙት ጥናት በአገራችንና በጎረቤቶቻችን የሚገኙትን ብዙ የገበጣ ዓይነቶች ሰብስበዋል። በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት ጉድጓድ ተቆፍሮ በየጉድጓዱ አራት አራት ጠጠር ሲገባ ጠጠሩ በጠቅላላው 48 ይሆናል። ተጫዋቹ የአንዱን ጉድጓድ ጠጠር አፍሶ በሚቀጥሉት ጉድጓዶች አንድ አንድ ይዘራል። ሁለት ቢጥል ወይም አንድ ቢዘል ጓደኛው ወዲያው ይጮኽበታል። ጠጠሩ የት እንደሚያልቅ አስቀድሞ ለማወቅም በዓይኑ ይቆጥራል። በአንድ ጉድጓድ የሚቀመጠው አራት መሆኑ ደግሞ ጄቮንስ በባቄላው ካገኘው ወሰን ጋር ይገጥማል፤ ልጁ አራቱን ሳይቆጥር በእይታ ያውቃቸዋል።

ሴቶች ልጆች የሚያዘወትሩት ቅልልቦሽም ከዚህ አይተናነስም። አንዱን ጠጠር ወደ ላይ ወርውሮ እስኪወርድ ድረስ ከመሬት አንድ አንድ፥ ቀጥሎ ሁለት ሁለት፥ ከዚያም ሦስትና አንድ እያደረጉ ማንሣት አራትን በልዩ ልዩ መንገድ መክፈል ነው። ሰኞ ማክሰኞ ደግሞ ተራን በእግር ያስተምራል፤ ሰኞን ሳይረግጥ ወደ ማክሰኞ የሚያልፍ የለም።

በኦሮሞ ልጆች ዘንድ ከእነዚህ ሁሉ የሚልቅ አንድ የቃል ጨዋታ አለ። አንዱ የቁጥሩን ስም ጠርቶ ይጠይቃል፥ ሌላው ያን ያህል ሆኖ የሚገኝ ነገር ይጠራል። ለሁለት የፍየል ጡት፥ ለሦስት ጉልቻ፥ ለአራት የላም ጡት፥ ለአምስት የእጅ ጣት ይጠቀሳል። በየቤቱ ሁልጊዜ በዚያው ብዛት ከሚገኝ ነገር ጋር ቁጥሩ ስለ ተሳሰረ ልጁ «ሦስት» ሲባል በአሳቡ ምድጃውን ያያል። ሞንቴሶሪ በበትርና በሣጥን የፈለገችውን ይህ ጨዋታ ከጓዳና ከበረት አግኝቶታል።

ገበያ እንደ ትምህርት ቤት

በመቂና በዝዋይ ቲማቲምና ሽንኩርት በመደብ ይሸጣል። ሻጪቱ መደቦቹን እኩል የምታደርገው በሚዛን ሳይሆን በዓይንዋ ነው፤ ገዢውም ከሁለት መደብ የሚሻለውን የሚመርጠው በዓይኑ ነው። እናቱን እያገዘ መደብ የሚሠራ ልጅ ማነስንና መብለጥን፥ መጨመርንና መቀነስን በየቀኑ ይሠራል።

እንዲህ ያለው ልጅ በክፍል ውስጥ ሲደናገር ብናይ ሊገርመን አይገባም። በብራዚል በረሲፌ ከተማ ሦስት ተመራማሪዎች በመንገድ ላይ የሚነግዱ አምስት ልጆችን መርምረው በ1985 ውጤቱን አሳተሙ። ልጆቹ በመደብራቸው ላይ ሳሉ ከተጠየቁት ሒሳብ ከመቶ 98 ያህሉን በትክክል መለሱ። ያው ሒሳብ በወረቀት በቁጥር ብቻ ተጽፎ ሲቀርብላቸው ግን ያገኙት ከመቶ 37 ብቻ ነበር። አእምሮአቸው ያው አእምሮ ነው፤ የተለወጠው ነገሩ ተነሥቶ ምልክቱ ብቻ መቅረቱ ነው።

ስምና ምልክት

ልጅ ከነገሩ ቀጥሎ ስሙን ይማራል። የአማርኛም የአፋን ኦሮሞም የቁጥር ስሞች ለልጅ የሚረዱ ናቸው። በአማርኛ «አሥራ አንድ» ስንል አሥርና አንድ መሆኑ ይሰማል፤ በአፋን ኦሮሞም «ኩዸ ቶኮ» ያው አሥርና አንድ ነው። የእንግሊዝ ልጅ ግን ለአሥራ አንድና ለአሥራ ሁለት አሥር የማይሰማባቸውን ስሞች በቃሉ መያዝ አለበት። ዓሥራቶቹንም ብንመለከት «አፉር» ከሚለው «አፉርተማ»፥ «ሸን» ከሚለው «ሸንተማ» ይወጣል፤ አርባና አምሳ ማለት ነው። የሚያስቸግረው ሃያ ነው፤ «ሃያ» ከ«ሁለት» ጋር፥ «ዲግደማ»ም ከ«ለማ» ጋር አይመሳሰልምና በዚህ ላይ ልጁን ቆም ብሎ በሁለት የአሥር አሥር እስር ማሳየት ይገባል።

የመጨረሻው ደረጃ ምልክት ነው። በግዕዝ አኃዝ አሥራ አንድ ፲፩ ተብሎ ይጻፋል፤ የአሥር ምልክት፥ ቀጥሎ የአንድ ምልክት፥ ልክ እንደ አነጋገሩ። ዛሬ በምንጠቀምበት አኃዝ ግን 11 ስንጽፍ ያው ምልክት ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ ግራኛው አሥር መሆኑ የሚታወቀው በቦታው ብቻ ነው። አሥራ አንድን 101 ብሎ የሚጽፍ ልጅ «ደንቆሮ» ሊባል አይገባም፤ አሥርን ጽፎ አንድን መጨመሩ ነው። በግዕዝ አኃዝ ቢሆን ኖሮ መልሱ ትክክል ነበር። አስተማሪው ስሕተቱን ከማረሙ በፊት አሥር እንጨት በአንድ ላይ አስሮ አንዱን ለብቻ በማስቀመጥ ቦታ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ያሳየው።

የማስተማሪያ ቋንቋና «ሰነፍ» የተባለው ልጅ

ስሙ በየትኛው ቋንቋ ይሰጥ የሚለው ጥያቄ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ትልቅ ታሪክ አለው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አማርኛ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የማስተማሪያ ቋንቋ ሆኖ ጸና። በቤቱ «ቶኮ፥ ለማ፥ ሰዲ» እያለ የቆጠረ የገጠር ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ ነገሩም፥ ስሙም፥ ምልክቱም በአንድ ጊዜ አዲስ ሆኑበት። በ1979 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አፋን ኦሮሞ ከ15ቱ ቋንቋዎች አንዱ ቢሆንም መደበኛው ትምህርት ቤት በአማርኛ ቀጠለ። በ1991 የቁቤ ፊደል ለአፋን ኦሮሞ ተመረጠ፤ የ1994 የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ወሰነ።

ይህ ታሪክ ለእኛ ጥናት የሚጠቅመው ሁለት ዓይነት ችግሮችን ለመለየት ነው። የማስተማሪያውን ቋንቋ ባለማወቁ ዝም ያለ ልጅ አለ፤ በቤቱ ቋንቋ ተጠይቆም ብዛትን መለየት የሚያቅተው ልጅ አለ። የቼኮዝሎቫኪያው ላዲስላቭ ኮሽች በ1974 እንዳስረዳው፥ ሌላው ችሎታው ሙሉ ሆኖ ቁጥር ብቻ የሚከብደው ልጅም ይገኛል። ሦስቱን በአንድ ስም «ሰነፍ» ብሎ መጥራት ለሦስቱም መድኃኒት መንፈግ ነው። ዛሬም ቢሆን በአዳማ ከቤቱ ቋንቋ በተለየ ቋንቋ የሚማር ማንኛውም ልጅ፥ ቋንቋው የትኛውም ይሁን፥ በዚህ ፈተና ያልፋል።

በአገራችን የልዩ ትምህርት ሥራ በይበልጥ በሚስዮናውያን እጅ ሲጀመር አስቀድሞ የታሰበላቸው ዓይነ ስውራንና መስማት የተሳናቸው ነበሩ፤ በስምጥ ሸለቆም በሻሸመኔ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ይገኛል። ቁጥር የሚከብደው ልጅ ግን ችግሩ በፊቱ ላይ ስለማይታይ ተራው የደረሰው ዘግይቶ ነው። የ1994ቱ ፖሊሲ ልዩ ትምህርትን አነሣ፤ በዚያው ዓመት በስፔን በሳላማንካ የተሰበሰቡት መንግሥታት እንዲህ ያሉት ልጆች ከሌሎች ጋር በአንድ ትምህርት ቤት እንዲማሩ አሳሰቡ። ትምህርት ሚኒስቴር በ2006 የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ አወጣ፤ በ2012ም አሻሻለው። ሕጉ እንግዲህ አለ። የቀረው ሕጉ በክፍል ውስጥ ባቄላና ጠጠር ሆኖ መታየቱ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተዘረዘረው ታሪክ የሚከተለውን የሥራ ተራ ማውጣት ይቻላል። መጀመሪያ፥ ልጁ ባቄላን ከሽምብራ፥ ትልቅ ቆርኪን ከትንሽ ጠጠር ይለይ፤ ተመሳሳዩን በአንድ ጣሳ ይሰብስብ። ሁለተኛ፥ ሁለት መደብ ተሠርቶለት የትኛው እንደሚበልጥ ሳይቆጥር ይጠቁም። ሦስተኛ፥ እስከ አራት ያለውን በእይታ ይወቅ፤ ጠጠሩ አንድ ጊዜ በመሥመር፥ አንድ ጊዜ ተበትኖ ይቅረብለት። አራተኛ፥ በገበጣ ጉድጓድ አንድ አንድ እየጣለ በቤቱ ቋንቋ ይቁጠር፤ ሲጨርስም «ስንት ሆነ?» ወይም «ሜቃ?» ተብሎ ይጠየቅ። አምስተኛ፥ አሥር አሥሩን ይሰር። አኃዙ የሚጻፍለት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ሆኖም ገበጣ ወደ ክፍል ስለ ገባ ብቻ ትምህርት ይሆናል ማለት አይደለም። በመንደር ጨዋታ ዘገምተኛው ልጅ ጨዋታ ያበላሻል ተብሎ ይገለላል፤ ፈጣኖቹ ሲጫወቱ እርሱ ዳር ቆሞ ያያል። አስተማሪው ጨዋታውን ሊያዘገይ፥ ጉድጓዱን ከስድስት ወደ ሦስት ሊቀንስ፥ ለዚያ ልጅም ተራ ሊሰጥ ይገባዋል። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም እንደሚባለው፥ ጠመኔውን በጠጠር መለወጥ ብቻ ተራው እስካልተስተካከለ ድረስ ፍሬ የለውም።

ይህ ሁሉ የሚጠይቀው ወጪ አንድ ጣሳ ባቄላና የአስተማሪ ትዕግሥት ነው። ስለዚህ ማንም አስተማሪ የአንድን ልጅ ስም በ«ሰነፎች» መዝገብ ከማስፈሩ በፊት ሦስት ነገር እንዲያደርግ ይገባል እንላለን። ትራኮማና የጆሮ በሽታ እንዳይሆን ዓይኑንና ጆሮውን ያስመርምር፤ በሰሌዳ ላይ ያቃተውን በእጁ በሚይዘው ነገር ይጠይቀው፤ ያንኑ ጥያቄ እናቱ በምታናግረው ቋንቋ ይድገምለት። ከዚህ ሁሉ በኋላ ቁጥር የሚከብደው ልጅ ቢገኝ፥ ያ ልጅ ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ጊዜና ብዙ ድግግሞሽ የሚያስፈልገው ተማሪ ነውና ከትምህርት ቤቱ ሊባረር አይገባውም።